የሚሳቅበት ሰው አጠገባችን ሲቀመጥ

ጳጉሜን ላይ ነው፤ አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ከቤት ኅብረታችን አምስት ሆነን ሸዋ ሮቢት ውስጥ አርባ ያህል የፕላስቲክ ወንበር ወደተደረደረበት አንድ ጠባብ አዳራሽ ገባን። የከተማው ወጣቶች የሁለት ምሽት የጥበብ ዝግጅት አሰናድተው ነበር። ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሏል፤ መጀመሪያ ግጥም ይነበባል፤ ከዚያ አራት ኮሜዲያን እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሃያ ሃያ ደቂቃ ይቆማሉ። መግቢያው የአንድ ለስላሳ ዋጋ ነው። ማራገቢያው አይሠራም። የቆላውን ምሽት የምታውቁ ወገኖቻችን ያ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ወዴት እንደምንሄድ ለቤተ ክርስቲያን ሰው አልተናገርንም። ከመካከላችን አንዱ ለባለቤቱ «የወጣቶች ፕሮግራም አለ» ብሎ ነው ከቤት የወጣው። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ከኋላ ተርታ ቦታ ይዘን ዞር ስንል፣ ጥግ ላይ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው የተቀመጡ አንድ ሰው አየን። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ጋሼን እኛ እንዳያዩን ስንሸሽ፣ እሳቸውም እኛ እንዳናያቸው ሸሽተው ኖሯል። ተያየን፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ መድረኩ ዞርን።

ይህን ያህል መደባበቅ ለምን አስፈለገ? ብዙዎቻችን ቀልድና ቧልት የዓለም ነው እየተባልን ነው ያደግነው። መዝሙር 1 የፌዘኞችን ወንበር ከኃጢአተኞች መንገድ ጋር አያይዞ ያስጠነቅቀናል። ኤፌሶን 5፥4 ደግሞ ዋዛን ከሚያሳፍር ንግግር ጎን አስቀምጦ በምትኩ ምስጋናን ያዘናል። እነዚህን ክፍሎች ዘመን አልፎባቸዋል ብለን ልናልፋቸው አንፈልግም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቀልድ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጥቶ አያውቅም። ስንት ሰባኪ ነው «ወደ ቃሉ ከመግባታችን በፊት አንዲት ነገር ልንገራችሁ» ብሎ የሚጀምረው? በበዓል ዋዜማ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ስንስቅ ያደግነውም እኛው ነን። ስለዚህ ጥያቄያችን «ክርስቲያን ይሳቅ ወይስ አይሳቅ?» የሚለው አይደለም። ሌላ ጥያቄ አለን፤ ያነሣብንም ያ ጠባብ አዳራሽ ነው።

መጀመሪያ የወጣው ልጅ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ድምፁ ያምራል፤ ሰውነቱ ይታዘዝለታል። ቀልዶቹ ግን ስልክ ላይ በየቀኑ የምናያቸው ዓይነት ናቸው። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገሩ ሰዎችን አነጋገር እያስመሰለ ጀመረ። ፊደሉን አጠበቀ፣ አላላ፣ ወንዱን ሴት አደረገ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ቀጠለ። ሦስተኛው ተርታ ላይ ግን ልክ እንደዚያ የሚናገሩ ሰዎች፣ የገበያ ጓደኞቻቸውን ይዘው፣ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ከቆመበት ሁለት እርምጃ ነው የሚርቁት። አያቸው። ምራቁን ዋጠ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የማራገቢያውን አለመሥራት እንኳ የሰማን መሰለን። ከዚያ በኋላ ያለው የልጁ ሰዓት በጣም ረጅም ነበር።

ይኸው ልጅ ይህንኑ ቀልድ በስልክ ቀርጾ ቢለቀው ኖሮ ሺህ ሰው ይስቅለት ነበር። የእነዚያን ሰዎች ፊት ግን ፈጽሞ አያየውም። በትንሽ አዳራሽ ውስጥ የሚሳቅበት ሰው ዓይን አለው፤ ወንበር ይዟል፤ የመግቢያውንም ከፍሏል።

ከእሱ ቀጥላ አንዲት የከተማችን ልጅ ወጣች። ደብረ ብርሃን ስላሉት አክስቷ ነው የተናገረችው። አክስቷ ወደ ቆላ ሊወርዱ ከቤት ሲነሡ ሁለት ጋቢ፣ ሹራብና ካፖርት ደርበዋል። ጣርማበር ላይ የልጅቷንም ፎጣ ይቀሟታል። ዋሻውን አልፈው ደብረ ሲና ሲደርሱ አንዱን ጋቢ ያወልቃሉ፤ አርማንያ ላይ ካፖርቱን፤ ከዚያ ሹራቡን። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሲወርዱ፦ «እንግዲህ ልጄ፣ የቀረኝ ክብሬ ነው፤ እሱን አላወልቅም!» ቀጥላ ደግሞ ራሷ ለሠርግ ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጣ ምን እንደሆነች አሳየችን። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሙሽሮቹን «እንኳን ደስ አላችሁ» ማለት አቅቷት፣ ሰው በደስታ ያለቀሰች መስሎት ያጽናናታል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደጋውም ቆላውም ተሳቀበት፤ ብዙውን ግን የተሳቀው በራሷ በልጅቷ ላይ ነበር።

ሦስተኛው የእኛ ተራ ሆነ። ነጭ ሸሚዝ በክራቫት አድርጎ፣ መሐረብ ይዞ ወጣ። አንድ ቃል ሳይተነፍስ መሐረቡን ግንባሩ ላይ ሲያሳርፍ ማንን እንዳመጣብን ገባን። «መንፈስ እያሳየኝ ነው!» አለ፤ «እዚህ ውስጥ ዘመዱ ሽንኩርት የሚነግድ ሰው አለ!» በሸዋ ሮቢት ዘመዱ ሽንኩርት የማይነግድ ሰው ይገኝ ይመስል! «ስልክ ቁጥርህ በዜሮ ዘጠኝ ይጀምራል!» ከተሰብሳቢው አንዱ ልጅ «በዜሮ ሰባት ነው» ብሎ ጮኸ። ወዲያው፦ «ጠላት ቀይሮብህ ነው!» ከዚያ ሁላችንም በየእሁዱ የምንታዘዘውን ትእዛዝ ሰጠ፦ «አጠገብህ ወዳለው ሰው ዙርና፣ የተበደርከውን መልስ፣ በለው!»

እኛ መድረኩን ትተን የጋሼን ፊት ነበር የምናየው። መጀመሪያ ጠቆረ። እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ያዘ፤ ሊነሡ ነው አልን። ከመካከላችንም አንዲት እህት ቦርሳዋን አንሥታ ነበር። ከዚያ የጋሼ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ። እየሳቁ ነበር።

የአራተኛውን ኮሜዲያን ቀልድ አናስታውስም። መብራት ጠፋ፤ ሰው ሁሉ የስልኩን መብራት አበራለት፤ የምናስታውሰው ያንን ነው።

በመጪው እሁድ ጋሼ ከአምልኮ በኋላ አንዱን ወንድማችንን ወደ ጥግ ጠሩት። ካለፈው በጋ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ የቆየ የውሃ ሞተር ነበረው፤ አፍሮ አልጠየቃቸውም ነበር። «ማታ ላክ፣ ይውሰዱልህ» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስለ ዕዳና ስለ ታማኝነት በዓመቱ ውስጥ ስንት ስብከት እንደሰማን አልቆጠርንም።

ወገኖቻችን፣ ይህንን የምናወራው ኮሜዲያንን ከሰባኪ ልናስበልጥ አይደለም። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስን ገልጠን ስናይ ብቻውን ቆሞ፣ ታሪክ ፈጥሮ፣ ሰሚውን ወጥመድ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ለእግዚአብሔር ሕዝብ እንግዳ እንዳልሆነ እንረዳለን። 2ኛ ሳሙኤል 12 ላይ ናታን ወደ ዳዊት ሲገባ ክስ ይዞ አልገባም። የአንዲት በግ ታሪክ ይዞ ነው የገባው። ንጉሡ በታሪኩ ውስጥ ሌላ ሰው የተወቀሰ መስሎት ተቆጣ፤ ፍርዱን በገዛ አፉ ከሰጠ በኋላ ነው ራሱን ያገኘው። ናታን ደግሞ ታሪኩን የነገረው ከዳዊት በስተጀርባ አልነበረም፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነው።

መሳፍንት 9 ደግሞ ይበልጥ ለእኛ አገር ይቀርባል። አቢሜሌክ ሰባውን ወንድሞቹን ገድሎ ሲነግሥ ታናሽየው ኢዮአታም ተደብቆ ተረፈ። ከዚያ ገሪዛን ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ ለመላው ከተማ ተረት ነገረ። ዛፎች ንጉሥ ሊቀቡ ሄዱ፤ ወይራው፣ በለሱና ወይኑ «ሥራ አለን» ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ እሾሃሙን ቁጥቋጦ ሲጠይቁት ተቀበለ፤ እንዲያውም ኑና በጥላዬ ተጠለሉ አላቸው! የይፋትን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ካልሳቀ ገና አልገባውም ማለት ነው። ቁጥቋጦ ለወይራ ዛፍ ጥላ ሊሆን! ኢዮአታም ተረቱን ጨርሶ ምን አደረገ? ሮጦ አመለጠ። ብዙ ኮሜዲያን የሚያውቁት ስሜት ይመስለናል።

በአገራችንም ብቻውን ቆሞ ማሳቅ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። አለቃ ገብረ ሃና የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፤ ቤተ መንግሥቱን ሳይቀር የሚነካ ጨዋታቸው ከመቶ ዓመት በኋላም ከሰው አፍ አልጠፋም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ወደ ተሰበሰበ ሰው ይገባል፤ የእንግዳውን ስም ይጠይቃል፤ ያሞግሰዋል፤ ይሸነቁጠዋል። የተነካው ሰው ግን «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሊሰጠው፣ መልሶም ሊወጋው ይችላል። እኛ ወንጌላውያን አዝማሪ ቤትን ከመጠጡ የተነሣ እንርቃለን፤ ያንን ውሳኔያችንን አንቀይርም። ሥርዓቱ ውስጥ ያለችውን አንዲት ነገር ግን ልብ እንበል። አዝማሪው የሚሸነቁጠው ስሙን የጠየቀውንና መልስ የመስጠት መብት ያለውን ሰው ነው።

ዘመናዊው ኮሜዲ ሲመጣ ደግሞ የብዙዎቻችን ትዝታ ጥንዶቹ ናቸው፤ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ልመነህ ታደሰና አለባቸው ተካ። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ አንዱ ቢስት ሌላው ይደግፈዋል። እንደ ተስፋዬ ካሳና ክበበው ገዳ ብቻውን የሚቆመው ግን ደጋፊ የለውም። ጓደኛው ተሰብሳቢው ነው። በቅርብ ዓመታትም በረከት በላይነህ የጻፈው «ፌስታሌን» ላይ ግሩም ዘነበ እያዩ ፈንገስን ሆኖ፣ እንደ እብድ የሚቆጠር አንድ ሰው ሆኖ፣ ብቻውን መድረክ ይዟል። እብዱ ጤነኞች የማይናገሩትን ይናገራል፤ ጤነኞቹ ከፍለው ገብተው ይሰሙታል። ነቢያት በዘመናቸው እብድ መባላቸውን ለምናውቅ ለእኛ ይህ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ብናቆም ለእኛ ይቀለን ነበር። «ጴንጤ» የሚለው ስም ራሱ የመሳለቂያ ስም ሆኖ ነው የተሰጠን። አባቶቻችን በየሰፈሩ፣ በየትምህርት ቤቱ ሲሳቅባቸው ኖረዋል፤ በደርግ ዘመን አዳራሾቻቸው ሲዘጉ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘምረዋል። ስለዚህ ሳቅ ሲነሣ ራሳችንን ሁልጊዜ የምናገኘው በተሳቀበት ሰው ወንበር ላይ ነው። በዚያ ምሽት ግን፣ የመጀመሪያው ልጅ ሲንተባተብ፣ ከአምስታችን አንዱ በሹክሹክታ የአንድ ወንድም ስም ጠራ።

ያ ወንድም አማርኛን ከልጅነቱ ጀምሮ የተናገረ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ለዓመታት ተመላልሷል፤ ወንበር ያነሣ ነበር፤ የጸሎት ምሽት አይቀርም ነበር። አንድ እሁድ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ አገልጋይ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ወደ ቃሉ ከመግባቱ በፊት፣ ያንኑ የአነጋገር ቀልድ አቀረበ። ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተሞላ። እኛም ሳቅን። ዞር ስንል ወንድማችንም ጥርሱ ይታያል፤ ስለዚህ ምንም አልመሰለንም። ከዚያ እሁድ በኋላ አልመጣም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ወደኋላ ተመለሰ አልንና ስሙን በጸሎት ርዕስ መዝገባችን ላይ አሰፈርነው። «ጌታ ሆይ፣ ልቡን መልስ» እያልን ጸለይን። የእሱን ልብ!

ይህ የሆነው ደግሞ በይፋት ነው። ይፋት ከጥንት ጀምሮ የመንገድ አገር ነው። የወላስማዎቹ ሱልጣኔት እዚህ በነበረበት ዘመን ከዘይላ የሚመጣው ንግድ በዚሁ ቆላ ያልፍ ነበር፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ከአፋር በረሃ የሚወጣው ጨው በግመል ተጭኖ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። ዛሬም እሁድ ሰንበቴ ገበያ የቆመ ሰው አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን በአንድ ሜዳ ላይ ሲጫረቱ ያያል። ሻጭና ገዥ በተሰባበረ ቋንቋ ይግባባሉ፤ በዋጋው ይሳሳቃሉ። ግን ይኸው አገር በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል አይቷል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ሰው ልጁን አዝሎ ተሰዷል። ከዚያ ወዲህም ሰላም ሙሉ ሆኖ አልተመለሰም። ምሳሌ 26፥18–19 ባልንጀራውን አታልሎ «ቀልዴን እኮ ነው» የሚልን ሰው የእሳት ትንታግ ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል። ሌላ አገር ይህ ዘይቤ ሊሆን ይችላል። የተቃጠለ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ሲለቅም ያየ ሰው ግን ዘይቤ ነው ብሎ አያነበውም።

አማርኛችን እዚህ ላይ ይረዳናል። «ሳቀ» አንድ ነገር ነው፤ «ሳቀበት» ሌላ ነው፤ «ተሳሳቁ» ደግሞ ሌላ። በአንዲት ፊደል ሰው ከክፍሉ ይወጣል፣ ወይም ይገባል። ዘፍጥረት 21 ይህን በአንድ ቤት ውስጥ ያሳየናል። በቁጥር 6 ሣራ እግዚአብሔር ሳቅ እንዳደረገላት ትናገራለች፤ የሚሰማም ሁሉ አብሯት እንዲስቅ ትጠብቃለች። ልጇም ይስሐቅ ነው፤ ስሙ ራሱ ሳቅ ነው። ሦስት ቁጥር ዝቅ ስንል በዚያው ግብዣ ላይ እስማኤል ይስቃል፤ ዕብራይስጡ የሚጠቀመው ከይስሐቅ ስም ጋር አንድ ሥር ያለውን ቃል ነው። ከዚያ ሳቅ በኋላ ቤተሰቡ ተበተነ፤ አጋርና ልጇ በበረሃ ውሃ አለቀባቸው። በነገራችን ላይ፣ በዚያ በረሃ እግዚአብሔር የሰማው የተባረረውን ልጅ ድምፅ ነው። ሣራን ብቻ አክብሮ ይህን ቁጥር የሚዘል ሰባኪ ካለ ምዕራፉን እንደገና ያንብበው።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ወጣቶቻችን ቀልድን ከስልክ ከሚቃርሙት ይልቅ ትንሽ አዳራሽ ገብተው ቢሰሙ እንመርጣለን። ስልኩ ላይ ሳቁ ብዙ ነው፤ የተሳቀበት ሰው ግን የለም። ስናፍርም ብቻችንን ነው፤ ስንበድልም ማንም አያየንም። ከዚህም አልፈን፣ ቤተ ክርስቲያናችን በሳምንት አምስት ቀን ባዶውን የሚውለውን አዳራሿን ለእንዲህ ያለ ምሽት ብትከፍት ምን ትጎዳለች? ይህ ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ድፍረት ሊሰማ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1910 ወደ 1,200 የሚጠጉ የዓለም ሚስዮናውያን ልዑካን የተሰበሰቡበት የኤድንብራ ጉባኤ አዳራሽ ዛሬም አለ፤ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤዋን የምታደርግበት ነው። ይኸው አዳራሽ በየዓመቱ ነሐሴ ወር ላይ ለከተማዋ የፍሪንጅ ፌስቲቫል ይከፈታል፤ ኮሜዲያንም ይቆሙበታል። ያ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1947 ሲጀመር ስምንት ያልተጋበዙ ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ አሁን በአንድ ነሐሴ ከ3 ሺህ በላይ ትርኢቶች ይቀርቡበታል፤ ብዙዎቹ በትናንሽ ክፍሎች ውስጥ ናቸው። እዚያ የሚነገረውን ሁሉ እንቀበላለን ማለታችን አይደለም፤ አብዛኛውን ብንሰማው ጆሯችንን እንይዝ ነበር። ግን አዳራሹ ቀልድ በመስማቱ አልፈረሰም።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። «ዛሬ ቀልድ፣ ነገ ዳንስ» የሚሉን አሉ። ነውር ቢናገርስ? የሚሉም አሉ፤ ይህኛው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነውር ከሆነ ማይክ ይጠፋል። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላው ነው። ለኮሜዲያኑ የምናወጣውን ሕግ መድረካችን ላይ ለሚቆመው አገልጋይ እናወጣለን ወይ? ኮሜዲያኑ ቢያንስ ሰው ካልሳቀለት ይደነግጣል። ሰባኪው «አሜን በሉ» ይላልና ፀጥታን አይፈራም። ማይክ ይዞ፣ ከፍ ብሎ ቆሞ፣ መልስ መስጠት በማይቻልበት ቦታ የሚቀልድ ሰው ከአዝማሪው ይልቅ አስፈሪ ነው፤ ለእሱ «ተቀበል!» የሚለው የለምና።

ከዚያ ምሽት በኋላ በሳምንቱ ከእኛ ሁለቱ፣ ጋሼን ይዘው፣ ወደዚያ ወንድም ሱቅ ሄዱ። በጸሎት መዝገባችን ላይ ስሙ ከሰፈረ ጀምሮ ማናችንም ሱቁን አልረገጥንም ነበር። ለስላሳ ከፈተልን። ጋሼ ቁጭ እንዳሉ ይቅርታ ጠየቁት፤ መግቢያም መውጫም አላበጁለትም። ወንድማችን ጥቂት ዝም ብሎ፦ «ጋሼ፣ እኔስ ለምጄዋለሁ» አለ። «እናንተ ስትስቁ እኔም ሳቅሁ። ግን ልጄ አጠገቤ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ‘አባዬ፣ አንተን ነው?’ አለኝ። ምን ልበለው?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ጠርሙሱን ይዘን ተቀመጥን።

የአዳራሹን ጥያቄ ለሽማግሌዎች ስብሰባ አቅርበናል፤ ለሚቀጥለው ወር አስተላልፈውታል። ቢፈቀድ የመጀመሪያዋ ተጋባዥ የአክስቷን ጋቢ ያስወለቀችው ልጅ ትሆናለች፤ መሐረብ የያዘውም ልጅ «ፓስተራችሁ ፊት ለፊት ከተቀመጠ እመጣለሁ» ብሏል። ለወንድማችንም ነገርነው። ማን ማን እንደሚቀልድ ጠየቀን፤ ነገርነው። «አስብበታለሁ» አለ። ከሱቁ ስንወጣ ከኋላችን ጠራንና ልጆችም መግባት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀን።